የጣና ዳር የማን ነው?

ጣና ሲባል የከተማ ልጅ ሐሳቡ ባሕር ዳር ላይ ይቆማል፤ እኛም ከዚያ አላመለጥንም። ዘንባባው፣ የዓሣ ጥብሱ፣ ሐይቁን ከጀርባ አድርገን የተነሣነው ፎቶ። ሐይቁ ግን ሌላም ዳር አለው። ከጎንደር ወደ ደቡብ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወረድ ቆላ ድባ ይገኛል። ከዚያ በታች የደምቢያ ሜዳ ዝቅ እያለ፣ እየተንጣለለ ሄዶ፣ መሬቱ የት እንዳለቀና ውሃው የት እንደጀመረ ሳይለይ ጣና ውስጥ ይገባል።

የድሮ አውሮፓውያን በካርታቸው ላይ ጣናን «የደምቢያ ሐይቅ» ብለው ነበር የሚጽፉት። እውነታቸውን ነው፤ በ17ኛው መቶ ዘመን የሐይቁ ፊት ወደዚህ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ ጎርጎራ ላይ ከትመዋል፣ ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝም እ.ኤ.አ. በ1622 ያረፈው እዚያው ነው። ነገሥታቱን ወደ ደምቢያ የሳባቸው ውበት ብቻ አይመስለንም። ቤተ መንግሥትና ሠራዊት ይበላል፤ መገጭና ድርማ ክረምት በመጣ ቁጥር ደለል የሚያለብሱት ጥቁር አፈር ደግሞ ያበላል።

በዚያ አፈርና በውሃው መካከል ቆሞ የኖረው ደንገል ነው። ግብፆች ወረቀት የሠሩበት ያው ተክል መሆኑ ነው። እኛ የምናውቀው ነገደ ወይጦዎች ታንኳ ሲሠሩበት ነው እንጂ ሌላ ሥራው ብዙ ነው። ማዕበል ይሰብራል፣ ወንዝ ያመጣውን ደለል ያስቀራል፣ ከማሳ የታጠበውን ማዳበሪያ ይመገባል። ቀረሶና አምባዛም የሚራቡት እንዲህ ባለው ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ነው። ደንገል ከሌለ ማሳው በቀጥታ ሐይቁ ላይ ይፈስሳል ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ዳር የማን ነው? በሕጉ መልሱ አጭር ነው፤ ከየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ መሬት የግል አይደለም፣ ገበሬው ያለው ይዞታ ነው። በፈረንጅ አገር ሐይቅ ዳር ቤት ያለውን ሰው «ሣርህን እስከ ውሃው ድረስ አትጨድ፣ ዳሩን ለተፈጥሮ ተውለት» ይሉታል። የደምቢያው ባለይዞታ የሚያጭደው የጌጥ ሣር የለውም። ያለው ጥንድ በሬ ነው፣ እሱም ካለው።

የእኛው አገር «ተውለት» ከፈረንጁ ይቀድማል። ዘጌን ያየ ያውቀዋል። በዚያ ልሳነ ምድር በበሬ ማረስም ከብት ማርባትም በልማድ የተከለከለ ነው፤ ትውፊቱ ክልከላውን ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል። ደኑ እስከ ውሃው ጠርዝ ድረስ ቆሟል፣ የደሴቶቹ ገዳማትም ዛፋቸውን እንዲሁ ጠብቀዋል። ሐይቁ በደግ ዘመን የነበረው ዳር ምን ይመስል እንደነበር ማየት የፈለገ ጀልባ ተሳፍሮ ወደ ገዳማቱ ይሂድ።

በሰሜኑ በኩል የሆነውን ሁሉ ግን በገበሬው ስግብግብነት ማሳበብ አንወድም። እ.ኤ.አ. በ1996 ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጨራ ጨራ ላይ ውሃ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ፤ በ2001 በሮቹ ሰባት ሆኑ። ዓላማው ለጢስ ዓባይ የመብራት ማመንጫዎች ዓመቱን ሙሉ ውሃ ማድረስ ነበር። ከዚያ ዝናብ አነሰ፣ ተርባይኖቹ ደግሞ መጠጣታቸውን አላቆሙም። በ1995 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1784.4 ሜትር ወረደ፣ እስከዚያ ድረስ ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅተኛው። መርከቦች ለመንቀሳቀስ 1785 ሜትር ስለሚፈልጉ አራት ወር ያህል ቆሙ። ብዙ ደንገል ደርቆ ጠፋ። እርጥብ፣ ለም፣ ባለቤት የሌለው መሬት ብቅ አለ፤ ገበሬው ባሕር ሸሽ ይለዋል። ምን ያድርግ? አረሰው። ውሃው ሲመለስ ማሳው ነበር፣ ደንገሉ ግን አልነበረም። እኛ ከተማ ውስጥ አምፖል ስናበራ ይህን አላወቅንም፣ ማንም አልነገረን።

ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ መገጭ ሐይቁን በሚቀላቀልበት በዚሁ ሰሜናዊ ዳርቻ እምቦጭ መግባቱ በይፋ ታወቀ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ራሱን የሚያጥፍ፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የሚነሣ አረም ነው። ደንገል ብቻውን ያስቆመው ነበር አንልም። ሆኖም ማዳበሪያና ደለል የጠገበ፣ ገላጣ፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ለእምቦጭ ከተነጠፈ አልጋ በምን ይለያል? ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ዘመቻው፣ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው የሚነቅሉት ገበሬዎችና ወጣቶች፣ ቲሸርቱ። ክብር ለነቀሉት ይሁን። በ2007 ዓ.ም. ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ መዝገብ ሲገባ እምቦጩ እዚያው ነበር።

ስለ ነቀላ የተወራውን ያህል ስለ ተከላ አልተወራም። የዳሩን ባለይዞታ «ከማሳህ ጠርዝ ጥቂት ሜትር ተው፣ ደንገል ይብቀልበት» ማለት ቀላል ነው። ደንገል ከሥሩ ተቆርጦ ጭቃ ላይ ሲተከል ይይዛል፤ ከብት እንዳይገባበት ከታጠረና በሬ ካልረገጠው ይስፋፋል፣ ቢታጨድም ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ከበላዩ ሾላና ዋንዛ ቢቆም አፈሩን ይይዛል፤ ባሕር ዛፍ ግን አደራ፣ እዚያ ድርሽ እንዳይል። አስቸጋሪው እነዚያ ጥቂት ሜትሮች የአንድ ቤት ሽምብራ መሆናቸው ነው። ዘጌ ላይ ማረስ ሲከለከል በምትኩ ቡናና ጌሾ ነበር፤ ሰው በዚያ ኖረ። ለደምቢያው ገበሬ በምትኩ የቀረበለትን እስካሁን አላየንም። ጎርጎራ ላይ በገበታ ለሀገር ሪዞርት ተሠርቷል፤ እንግዳው በረንዳ ላይ ቆሞ የሚያየው ዳር፣ ዘሩን የተወው ገበሬ ዳር ነው። ከአልጋው ኪራይ ላይ ጥቂት ሳንቲም ወደዚያ ቢሻገር ምን ይለዋል? ከግድቡ መብራት ሂሳብም ላይ እንዲሁ፤ የእኛም ቆጣሪ አለበት።