ከቱቦው ጫፍ ወዲያ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ነው። የሰው ልጅ ዲኤንኤ ሦስት ቢሊዮን ገደማ ፊደል አለው፤ ሁሉንም፣ ማለትም ጂኖሙን፣ እናነባለን ብለው የተነሡት ሳይንቲስቶች ዋና ጣጣቸው ምን ነበር መሰላችሁ? ጄል ማፍሰስ!

ሁለት ሰፋፊ መስታወት ይገጥማሉ፤ በመካከሉ የዲኤንኤ ቁርጥራጮች በኤሌክትሪክ የሚሮጡበትን ጄል ያፈሳሉ። አንዲት የአየር አረፋ ገባች ማለት ልፋቱ ገደል ገባ። ኤሌክትሪኩን ሲያበረቱት ጄሉ ይግላል፤ ሲቀንሱት ዲኤንኤው ይንቀረፈፋል።

ሙቀቱን ያስተነፈሰው ካፒላሪ የሚሉት፣ ቀዳዳው ከፀጉር የማይሰፋ የመስታወት ቱቦ ነው። በሺህ የሚቆጠር ቮልት ቢለቁበትም ይችላል። ዲኤንኤ ኔጌቲቭ ነውና ወደ ፖዘቲቩ ጫፍ ይገሰግሳል፤ ቱቦውን የሞላው ዝልግልግ ፖሊመር ረጅሙን ቁራጭ ያዘገየዋል፣ አጭሩ ሾልኮ ይቀድማል። በአንዲት ፊደል የሚበላለጡት ሳይቀሩ በየተራቸው ይወጣሉ። ቁርጥራጮቹ እንደ መጨረሻ ፊደላቸው በአራት ቀለም ተለይተዋልና፣ ሌዘር ሲያርፍባቸው ማሽኑ ቀለሙን አይቶ ፊደሉን ይመዘግባል።

አንድ ቱቦ ግን የት ያደርሳል? ጎን ለጎን ይደርደሩ ተባለ። ጉዱ የመጣው ያኔ ነው! የክቡ ቱቦ መስታወት የሌዘሩን ብርሃን ይበታትነዋል፤ ለኋለኞቹ በቅጡ አይደርስም። የተበተነው ደግሞ የዲኤንኤውን ደካማ ፍካት ይውጠዋል።

እናላችሁ፣ ኖርማን ዶቪቺ በካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ፣ ሂዴኪ ካምባራ በጃፓኑ ሂታቺ፣ በየፊናቸው አንድ ሐሳብ ላይ ደረሱ። ቱቦው ውስጥ እያለ ለምን እናየዋለን? ይውጣና እንየው! ከየቱቦው ጫፍ የሚወጣውን ዲኤንኤ ንጹሕ ፈሳሽ ዙሪያውን ከብቦ ያጅበዋል፤ ከጎረቤቱ ሳይደባለቅ ቀጭን ክር ሆኖ ይፈስሳል። አንዲት የሌዘር ጨረር፣ የቱቦ መስታወት ሳያደናቅፋት፣ ክሮቹን ሁሉ ወግታ ታልፋለች። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ከጂኖሙ ወሬ ሁሉ የምትጥመኝ ይህች ናት።

በዚህ ብልሃት የተሠራው ኤቢአይ ፕሪዝም 3700 የተባለ ማሽን፣ 96 ካፒላሪ ይዞ በ1998 ብቅ አለ። ሳይንቲስቱ ክሬግ ቬንተርም በዚያው ዓመት ሴሌራ የተባለ ኩባንያ አቋቁሞ ማሽኖቹን በመቶዎች ደረደረ፤ በመንግሥታት ድጋፍ ጂኖሙን ያነብ የነበረው ፕሮጀክትም ላለመቀደም ሩጫውን አፈጠነ። ሰኔ 2000 ላይ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ክሊንተን ቬንተርንና የዚህኑ ፕሮጀክት መሪ ፍራንሲስ ኮሊንስን አጠገቡ አቁሞ የጂኖሙ የመጀመሪያ ረቂቅ መድረሱን ለዓለም አበሠረ።

ዶቪቺና ካምባራስ? በቀጣዩ ዓመት ሳይንስ መጽሔት ያልተዘመረላቸው የጂኖም ጀግኖች ብሎ አነሣቸው። ካፒላሪው ግን ሥራ አልፈታም፤ ወንጀል መርማሪው የደም ጠብታ ይዞ ሲመጣም፣ የአባትነት ክርክር ሲነሣም፣ ዛሬም ዲኤንኤው የሚሮጠው በእሱ ውስጥ ነው።