ሰፈር በሌለበት እድር

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከአገር ቤት ይዘናቸው ከመጣናቸው የጋራ ሥርዓቶች መካከል እድርን ያህል ሥር የሰደደ ጥቂት ነው። ለምን ሥር ሰደደ ሲባል ዘወትር የሚሰጠው መልስ የአስከሬን ነገር ነው። አስከሬን አዘጋጅቶ፣ የሞት ምስክር ወረቀቱንና የኤምባሲውን ሰነድ አስጨርሶ፣ ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ቦሌ መላክ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። እዚሁ ይቀበር ቢባልም የመቃብሩ ቦታ፣ ሣጥኑና የቀብር አስፈጻሚው ድርጅት ክፍያ አንድን ቤተሰብ ያናጋል። መልሱ እውነት አለው፤ ሆኖም ጎዶሎ ነው። ጭንቁ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሞት በመጣ ቁጥር በኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰብ ይበቃን ነበር። እድሩን በዚህ አገር ያቆመው አባላቱ እየተገናኙ የሚያደርጉት የምሽት ስብሰባ ነው ባይ ነኝ። ስብሰባውን ደግሞ ከመክሰም የሚያድነው ተጋባዥ እንግዳ ጠርቶ ማናገር ነው።

አገር ቤት እድር የቆመው በሰፈር ላይ ነው። ጥሩምባ ነፊው በማለዳ ሲለፍፍ የሚሰማው ድምፁ የሚደርስበት ጎረቤት ነው፤ ድንኳኑ የሚተከለው በሟች ደጅ ነው፤ አግዳሚ ወንበሩና ድስቱ የሚመጣው በሰፈሩ ጎረምሶች ትከሻ ነው። ማን እንደታመመ፣ ማን ሥራ እንደፈታ፣ ማን የሩቅ ዘመዱን “ወንድሜ ነው” ብሎ እንዳስመዘገበ ለማወቅ ስብሰባ አያስፈልግም። ስቴፋን ዴርኮን፣ አሉላ ፓንክረስትና ባልደረቦቻቸው በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት፣ የኢትዮጵያንና የታንዛኒያን የቀብር ማኅበራት ባጠኑበት ሥራ፣ እነዚህ ማኅበራት ደንብ፣ መደበኛ መዋጮና ቅጣት ያላቸው የተደራጁ ተቋማት መሆናቸውን አሳይተዋል። እንደኔ ደንቡን የሚያሠራው ግን ከደንቡ በፊት ያለው መተዋወቅ ነው። እዚህ ያ መተዋወቅ በራሱ አይመጣም። ዳኛው አሌክሳንድሪያ፣ ገንዘብ ያዡ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጸሐፊዋ ዉድብሪጅ ሊኖሩ ይችላሉ። አንዷ በሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፤ ሌላው እስከ እኩለ ሌሊት ታክሲ ላይ ነው። የግድግዳ ተጋሪው ጎረቤት ስሙን የማያውቅለት አባል ብዙ ነው። ሰፈር ይሠራ የነበረውን ሥራ የሚሠራ ሌላ ነገር መገኘት ነበረበት። የተገኘውም በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የመሰብሰቢያ ክፍል የሚደረገው ስብሰባ ነው።

መዋጮ በእጅ በሚሰጥበት ጊዜ ሰው ገንዘቡን ይዞ መምጣት ነበረበት፤ ሲመጣም ይቀመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ የቀረውን ሰው ይጠይቃል። ዛሬ መዋጮውን በስልኩ በዜል ይልካል። ከስብሰባ የቀረበትን ቅጣት እንኳ በዚያው ስልክ ይከፍላል፤ ስለዚህ ቅጣቱ ሰው አያመጣም። ምቾቱን አልጠላም። ነገር ግን አባላቱ የማይተያዩበት እድር መጠባበቂያ ካፒታል የሌለው ትንሽ የኢንሹራንስ ኩባንያ ከመሆን አያልፍም። በአንድ ክረምት ሦስት አራት ሞት ሲደራረብ ተጨማሪ መዋጮ ይጠየቃል፤ ያን ጊዜ ሟቹን አይቶት የማያውቅ አባል ለምን እንደሚከፍል ይጠይቃል። መጠየቁ አያስወቅሰውም። እንዲተዋወቅ ያደረገው የለም።

ሰውን በሞት ቀን ብቻ ሳይሆን በደህናው ቀን ከቤቱ የሚያወጣ ምክንያት ያስፈልጋል። ምሳሌው ከአጠገባችን አለ። ጠበቃው ፖል ሃሪስ በ1905 እ.ኤ.አ. ከሦስት ወዳጆቹ ጋር በቺካጎ የሮተሪ ክለብን ሲጀምር ስብሰባው በተራ በየአባላቱ ቢሮ ይደረግ ነበር፤ ጽዋ ከቤት ቤት ሲዞር እያየ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እንዲህ ያሉት የአገልግሎት ክለቦች አብረው ይበላሉ፣ አጭር ንግግር የሚያደርግ እንግዳ ይጋብዛሉ፣ ጥያቄ ያቀርባሉ፣ በሰዓቱ ይለያያሉ። የእኛ እድሮች እንግዳ ሲጠሩ ደግሞ የሚሰሙት ነገር የዕለት ኑሯቸው ነው። የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት ሠራተኛ ቢመጣ በአስከሬን ላይ የመወሰን ሥልጣን ለማን እንደሆነ ያስረዳል፦ በአብዛኛው ሕጉ ባለትዳሩን፣ ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆችን፣ ወላጆችን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ዘመዶቹ አገር ቤት የቀሩበት ብቸኛ ሰው አስቀድሞ በጽሑፍ ካልወከለ፣ የሃያ ዓመት ጓደኛውም ሆነ የእድሩ ዳኛ ምንም ማለት ላይችሉ ይችላሉ። ይህን ከሞት በኋላ ማወቅ ከንቱ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ባለሙያ ቢመጣ የጡረታ መብት ለማግኘት 40 ክሬዲት፣ ማለትም ወደ 10 ዓመት ገደማ ግብር የተከፈለበት ሥራ እንደሚያስፈልግ ይነግራል። በእጅ በእጅ እየተከፈለው የሚሠራ ሰው ይህን በ60 ዓመቱ ሳይሆን በ45 ዓመቱ መስማት አለበት። ነርሷ ስለ ደም ግፊትና ስኳር፣ የከተማው ሠራተኛ በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው የዲሲ የቋንቋ ሕግ መሠረት በመንግሥት ቢሮዎች የአማርኛ አስተርጓሚ ስለመጠየቅ ይናገራሉ። ለዚህ የሚመጣ ሰው መዋጮውን ቀድሞ በስልክ ልኮም ቢሆን ይመጣል።

እድር የቀብር ነው፣ ትምህርት ቤት አይደለም የሚሉ አሉ፤ ብዙዎቹም እድሩን በላባቸው ያቆሙ ታላላቆች ስለሆኑ ቃላቸው መከበር አለበት። ነገር ግን ክርክራቸውን አገር ቤት ያለው እድር ራሱ ቀድሞ መልሶታል። ኤች አይ ቪ አዲስ አበባን በጎዳበት ዘመን ሞቱ ሲበዛ የእድሮች ካዝና ተራቆተ። በዚህ የተነሳ ብዙ እድሮች ስለ በሽታው ማስተማር፣ የታመመውን መደገፍና ወላጅ አልባ ልጆችን መርዳት ውስጥ ገቡ። አሉላ ፓንክረስትና ዳመን ኃይለማርያምም በ2000 እ.ኤ.አ. እድር በሽታውን በመከላከል ሊኖረው ስለሚችለው ድርሻ ጽፈዋል። አባሉን በሕይወት ማቆየት ለቀብር ማኅበሩም ሒሳብ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የሕይወት ኢንሹራንስ እያለ እድር ምን ያደርጋል የሚለው ነው። በገንዘቡ በኩል ልክ ነው፤ የሚችል ሰው ኢንሹራንስ ይግባ፣ ይህንንም ከእንግዶቹ አንዱ ያስረዳው። ኢንሹራንሱ ቼክ ይልካል። ለቅሶ ቤት አያድርም፣ ለልጆቹ ምግብ አያበስልም፣ ባሏ የሞተባትን ሴት ፍርድ ቤት ይዟት አይሄድም። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን እንግዳ መጥራት ለነጋዴና ለፖለቲከኛ በር ይከፍታል የሚለው ነው። ይህ ስጋት በቂ ምክንያት አለው፤ ቤት ሻጩም፣ ኢንሹራንስ ሻጩም፣ ድጋፍ ፈላጊውም የተሰበሰበ ሰው ይወዳል። እድር ደግሞ የተለያየ ሃይማኖትና የፖለቲካ አቋም ያላቸውን ሰዎች በአንድ ሐዘን ሥር የሚያስቀምጥ ቤት ስለሆነ፣ አንድ ያልታሰበበት ንግግር የብዙ ዓመት አንድነት ሊያፈርስ ይችላል። መድኃኒቱ በደንቡ መጻፍ ነው፦ እንግዳው ከሃያ ደቂቃ በላይ አይናገርም፣ ስልክ ቁጥር አይሰበስብም፣ ምንም አይሸጥም፣ ለፓርቲም ለእጩም አይቀሰቅስም፤ ማን እንደሚጠራም ኮሚቴው አስቀድሞ ለአባላት ያሳውቃል። ይህን ማስከበር የማይችል ኮሚቴ ገንዘብ ማስቀመጥም አይችልም።

የቀረው የልጆቹ ጉዳይ ነው። እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን እድርን የወላጆቻቸው ነገር አድርገው ያዩታል፤ አማርኛውም ይከብዳቸዋል። ብዙ ሰው ስለዚህ ተስፋ ቆርጧል፤ እኔ አልቆረጥኩም። ከእነርሱ መካከል ነርስ፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ ጠበቃ የሆኑ አሉ፤ እድሩም የሚፈልገው እንግዳ ይኸው ነው። የአባል ልጅ ተጋብዞ በግማሽ አማርኛ በግማሽ እንግሊዝኛ ስለ ግብር ሲያስረዳ፣ ታላላቆቹም ሲጠይቁት፣ ከመዋጮ ውጭ የሚሰጠው ነገር እንዳለ ያያል። ንግግሩን ሲጨርስ፣ ገና ከአዳራሹ ሳይወጣ፣ ጸሐፊዋ የአባልነት ቅጹን ትስጠው።