ቀለሃውና ቀጥቃጩ

የሀገራችን የጦር ታሪክ በተነገረ ቍጥር የጀግናው ስምና የጠመንጃው ዐይነት ይነሣል፤ ጠመንጃው ጥይት አጥቶ እንዳይቀር የደከመው እጅ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ስለዚህ በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ስሙ ስለ ታወቀው ስለ ውጅግራ፥ ይልቁንም ስለ ጥይቱ ጥቂት ልናስታውስ ወደድን።

ውጅግራ ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉት፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1874 የወጣው ጠመንጃ ነው። ፈረንሳይ በ1886 ጢስ አልባ ባሩድ የሚተኵሰውን ለቤል ከያዘች በኋላ፥ አሮጌው በብዛት ወደ ውጭ ተሸጠ፤ በታጁራና በጂቡቲ በኩልም ወደ ሸዋ ገባ። ጥይቱም በየገበያው ከአሞሌ ጋራ እንደ ገንዘብ እስከ መቈጠር ደርሶ ነበር።

ይህ ክብር ያለ ምክንያት አልመጣም። ቀለሃው ናስ በመሆኑ ከተተኰሰ በኋላ ተለቅሞ ዳግመኛ ይሞላል። በፋብሪካ የተሠራው ጥይት 25 ግራም እርሳስና 5 ግራም ከሩብ ያህል ጥቁር ባሩድ ነበረው። እርሳሱ በከሰል እሳት ይቀልጣል፤ ባሩዱም ከድኝ፥ ከከሰልና ለዚሁ ከሚሆን የአፈር ጨው ይቀመማል። ከሁሉ የምታስቸግረው ከቀለሃው ግርጌ ተቀምጣ እሳት የምትጭረው ትንሽ ቆብ ናት።

ነገር ግን ጥይት መሙላት ሌላ፥ ዒላማ መምታት ሌላ ነው። አረሩ በአፈሙዙ ውስጥ ከተቀረጸው ጠመዝማዛ ፈር ጋራ ካልገጠመ፥ የባሩዱ ኀይል በጐኑ ያመልጣል፤ አረሩም በሚገባ ሳይሽከረከር ይወጣል። እርሳሱ በቅርጹ ውስጥ ሲፈስ ከቀዘቀዘ ይጨማደዳል፤ በውስጡ የአየር ቀዳዳ የቀረበት አረር ወደ አንድ ጐን ያደላል። ባሩዱ በትክክል ካልተሰፈረም አንዱ ጥይት ከፍ፥ ሌላው ዝቅ ይላል። ጢስ አልባውን ባሩድ በጥቁሩ ልክ የሰፈረ ሰው ደግሞ ጠመንጃውን በእጁ ላይ ሊያፈነዳ ይችላል። እንግዲህ ሥራው ጥንቃቄንና የለመደ ዐይንን የሚጠይቅ ሙያ ነበር።

የዚህ ሙያ ዋጋ በተለይ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ይታያል። የሸዋ አርበኞች በራስ አበበ አረጋይ መሪነት ሲዋጉ፥ ጥይት ከጠላት ይማርኩ ነበር፤ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌም ከአዲስ አበባ በስውር ያቀብሏቸው ነበር። ሆኖም የኢጣልያኑ 6.5 ሚሊሜትር ጥይት ለ11 ሚሊሜትሩ ውጅግራ አይሆንም። ስለዚህ ለባለ ውጅግራ በዝናሩ የቀረው ባዶ ቀለሃ ሀብቱ ነበር።

ጦርነትም በተኳሹ ብቻ አይቆምም። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ በዘረት አመፀኛ ዋሻ በመርዝ ጋዝና በጥይት ካለቁት መካከል ቁስለኞች፥ ሴቶች፥ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ይገኙ ነበር። ጠላት የአርበኛው ኀይል ከኋላው በቆመው ሕዝብ መሆኑን ዐውቆ ነበር።

ከዚህ ሕዝብ አንዱ ቀጥቃጩ ነው። ጎረቤቱ ማረሻውንና ጠመንጃውን ለእርሱ እየሰጠ፥ ዘወር ብሎ «ቡዳ» ይለው ነበር። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ በዐዋጅ ቢከለክሉም ልማዱ ቶሎ አልጠፋም። በአሮጌ ዝናር ውስጥ ቀለሃ የሚያይ ወጣት የተኰሰውን አያቱን ሲያመሰግን፥ ያቀለጠውንና የሞላውንም ያመስግን። መምህራንም የእነዚህን ባለሙያዎች ነገር ከሚያስታውሱ አረጋውያን ጠይቀው ቢያስጽፉ፥ ለታሪካችን የዘገየ ዕዳ ይከፍላሉ።