ንፍፊትና ነቀርሳ፦ ስለ ብሽሽት እጢ ጥቂት ታሪክ



ያደግሁት ገፈርሳ ነው። ቃሉ በኦሮምኛ ጎሽ ማለት ነው፤ እኛ ግን የደረስንበት ለግድቡ ውኃ እንጂ ለጎሹ አልነበረም። በባዶ እግራችን ስንሮጥ እሾህ ይወጋናል፤ ቁስሉ ሲያመረቅዝ ብሽሽታችን ላይ ንፍፊት ይወጣል። እናቶቻችን ንፍፊቱን ዳስሰው «እስቲ እግርህን አሳየኝ» ይሉ ነበር። የእግር ጣጣ ወደ ብሽሽት እንደሚወጣ ያውቃሉ፤ ይህን ለማወቅ የአናቶሚ መጽሐፍ አላስፈለጋቸውም።

ይኸው ዕውቀት ግን አንድ ጎረቤታችንን አዘናጋው። በተረከዙ ሥር ጥቁር ምልክት ነበረው፤ ቀስ እያለ ሰፋ፣ ቆሰለ። ብሽሽቱ ሲያብጥ «ንፍፊት ነው» አልን። በኋላም ሕክምና ሲሄድ የቲቢ መድኃኒት ተጀመረለት። ናሙና ተወስዶ ሜላኖማ መሆኑ በታወቀ ጊዜ በሽታው ከብሽሽት አልፎ ነበር። አንድ እጢ ሦስት ዓይነት ስም ያገኘበትን ያን ዓመት እያሰብሁ ነው ይህን ንግግር ያዘጋጀሁት።

ግራ መጋባቱ በቋንቋችንም አለ። ካንሰርን ነቀርሳ እንላለን፤ ቲቢንም የሳንባ ነቀርሳ እንላለን። ሜላኖማን በሕክምና ጽሑፍ ቀድሞ የገለጸው ፈረንሳዊው ላኤኔክ (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) በ1806 ባሳተመው ጽሑፍ ከዚሁ ዓይነት ችግር ጋር ታግሏል። በሳንባ አካባቢ የሚገኝ ጥቁር እጢ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ፣ ተራው ጥቁረትና የበሽታው ጥቁረት እንደሚለያዩ አስተዋለ። ስቴቶስኮፕን የፈለሰፈውም እርሱ ነው፤ የሞተውም በ1826 በሳንባ ነቀርሳ ነው።

በ1892 የለንደኑ ሐኪም ኸርበርት ስኖው እጢው በእጅ እስኪዳሰስ መጠበቅ ስሕተት ነው፣ አስቀድሞ ይውጣ ብሎ ተከራከረ። በ1907 ሃንድሊ ሰፊ ቀዶ ሕክምናን የደገፈበት ትምህርት በአንዲት ሟች አስከሬን ምርመራ ላይ የቆመ ነበር። በአንድ አስከሬን! ሆኖም የቀዶ ሐኪሞችን እጅ ለአሥርተ ዓመታት መርቷል። ንጹሕ የነበረ እጢ ሁሉ በከንቱ ለወጣላቸውና እግራቸው አብጦ ለቀረ ሕሙማን ይህ የታሪክ ጨዋታ አልነበረም።

መውጫውን ያሳየው የአሜሪካው ዶናልድ ሞርተን ነው። በ1992 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት በሜላኖማው አጠገብ ሰማያዊ ቀለም ወግቶ፣ ቀለሙ መጀመሪያ የደረሰበትን እጢ ብቻ አውጥቶ መረመረ። ዘብ ቆሞ የሚጠብቀው እጢ ንጹሕ ከሆነ የቀሩት አይነኩም። በ1977 ካባኛስ በወንድ ብልት ካንሰር ላይ ተመሳሳይ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በ2017 የታተመው ትልቅ ሙከራ ደግሞ በዘቡ እጢ ውስጥ ካንሰር ቢገኝም እንኳ የቀሩትን ሁሉ ወዲያው ማውጣት ዕድሜ እንደማይጨምር አሳየ።

አሁን ወደ ሀገራችን ልመለስ፤ እዚህ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። በ1970ዎቹ እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኤርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ደጋ የሚታየው ዝሆኔ በትል ያልመጣ መሆኑን ያጠና ነበር። ከሄንደርሰን ጋር በ1978 ባሳተመው ጥናት በባዶ እግር የሚሄዱ ኢትዮጵያውያንን የሊምፍ ሕብረ ሕዋስ መርምሮ ሲሊኮንና አሉሚኒየም የያዘ የአፈር ቅንጣት አገኘ። ቅንጣቱ በሕሙማን ብቻ ሳይሆን በጤነኞችም እጢ ውስጥ ነበር። እንግዲህ የኛ ሰው ብሽሽት መሬቱን ተሸክሟል ማለት ነው። ስኖውም ሞርተንም እጢው ካንሰር እስኪደርስበት ድረስ ጸጥ ያለ እንደሆነ አድርገው ያስቡ ነበር፤ በባዶ እግር ባደገ ገበሬ ብሽሽት ግን ጸጥታ የለም። ስለዚህ በእጅ ዳስሶ «አብጧል» ማለት እዚህ ከሌላው ዓለም ያነሰ ነገር ይናገራል። ጥቁር ሰው ላይ ደግሞ ሜላኖማ ፀሐይ በማያገኘው በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር መውጣት ይቀናዋል። በ1977 በእግሩ ጣት ላይ የተገኘበት፣ በ1978 ኢትዮጵያን የጎበኘው፣ በ1981 በ36 ዓመቱ የሞተው ቦብ ማርሌይ ለዚህ የሚታወቅ ምስክር ነው።

ሌላም አለ። እናቶቻችን በአንገታቸው ላይ የሚያስነቅሱት ንቅሳት ቀለሙ በቆዳ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ከፊሉ ወደ አንገት እጢ ይሄዳል። ቀዶ ሐኪም ያን እጢ ሲከፍት ጥቁር ሆኖ ያገኘዋል፤ በዓይን ብቻ ቢፈርድ ሜላኖማ ሊለው ይችላል። ለዓመታት ያሳከከ ቆዳም ሜላኒኑን ወደ እጢው ይልካል። ላኤኔክ የተጨነቀበት ጥያቄ ሁለት መቶ ዓመት አልፎት እኛ ዘንድ ንቅሳት ለብሶ ይጠብቀናል።

ፍርዱን የሚሰጠው ማይክሮስኮፕ ነው። በቀጭን መርፌ ከእጢው ጥቂት ሕዋስ ቀድቶ በመስታወት ላይ ማየት ጨረራ የሚለካ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የቲቢውን፣ የሜላኖማውንና የተራውን ንፍፊት ልዩነት በአብዛኛው ያሳያል። መርፌው ትንሹን ካንሰር ሊስተው ስለሚችል ግን ባዶ ውጤት ሲመጣ፣ ጥርጣሬው ካለ፣ እጢውን ራሱን ማውጣት ይገባል። የጎረቤቴ መርፌ የተወጋው የቲቢ መድኃኒቱን ከጀመረ ከብዙ ወራት በኋላ ነበር፤ በእነዚያ ወራት ሁሉ ብሽሽቱን የዳሰሱት ሰዎች ካልሲውን አውልቀው ተረከዙን አላዩም።