በጅሬን ኮረብታ ላይ የነበረው ችሎት

እኔ የቦሳ ኪቶ ሰው ነኝ። በጅማ ፍርድ ቤት ሲባል ወጣቶቻችን የሚያስቡት መዝገቡን፥ ማኅተሙንና ጠበቃውን ነው። ነገር ግን፥ አንባቢ ሆይ፥ ከተማይቱ ገና ሳትስፋፋ የአገሩ ትልቁ ችሎት ከዛሬው መካከለኛ ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፥ በጅሬን ኮረብታ ላይ በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነበር።

ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነግሠዋል። ለምኒልክ ያለ ጦርነት ገብረው፥ በየዓመቱ ግብር እየላኩ፥ አገራቸውን በራሳቸው ሥርዓት ለማስተዳደር ቻሉ። ጎረቤታቸው ከፋ ግን አልገብርም ብላ እ.ኤ.አ. በ1897 በጦር ተያዘች። ስለዚህ በጅሬን የተሰየመው ችሎት የቆየው በጉልበት ሳይሆን በብልሃት ነው ለማለት ይቻላል።

አገሩ በቆሮ የተከፋፈለ ሲሆን፥ የእያንዳንዱ ቆሮ ሹም አባ ቆሮ፥ ከርሱ በታች ያለውም አባ ገንዳ ይባል ነበር። ትንሹ ጠብ እዚያው በሰፈር ያልቃል፤ የከበደው ነገር ወደ ላይ ይወጣል፤ በመጨረሻም ከንጉሡ ፊት ይደርሳል። የጋብቻንና የውርስን ነገር ቃዲው በሸሪዓ ያይ ነበር። ከኮረብታው በታች ሐሙስ ሐሙስ የሚቆመው የሂርማታ ገበያ ስለ ነበረ፥ ቡናውን ሊሸጥ የወረደ ገበሬ አቤቱታውንም ይዞ ለመውጣት መንገዱ ሩቅ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ሁሉ ማር አድርጎ ማቅረብ አይገባኝም። በሂርማታ ከቡናና ከሞፈር ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። የተሸጠውስ አቤት የሚለው ለማን ነው? ሻጩን በሚጠብቅ ችሎት ፊት? ይህን ጥያቄ የጅሬን ውብ የእንጨት ሰገነት አይመልስልኝም።

አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1932 ሲሞቱ የጅማ የብቻ ሥርዓት አበቃ። ጣሊያን ገብቶ ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት፤ ሥልጣኑም ከኮረብታው ወደ ሜዳው ወረደ። ጠላት ከተባረረ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች በአዋጅ ታወጁ፤ አንዱ ፍርድ ቤቶችን በየደረጃቸው ያቋቋመ ሲሆን፥ ሌላው ባርነትን ጨርሶ የከለከለ ነው። ጅማም የከፋ ጠቅላይ ግዛት ከተማ ሆና የራስዋ ዳኞች ተሾሙላት። የቃዲዎቹም ሥራ በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ ተደነገገ።

አንድ ነገር ግን ተጓደለ። በጅሬን ተከራካሪው የሚናገረው በአፉ ቋንቋ ነበር። አዲሱ ችሎት ግን በአማርኛ ነበር፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም አማርኛን የመንግሥት ቋንቋ ብሎ ደነገገ። በኦሮምኛ ብቻ የሚናገር ቡና ገበሬ መሬቱን ሲከራከር በአስተርጓሚ አፍ ይንጠለጠላል፤ ዳኛው የሚሰማው የርሱን ቃል ሳይሆን የአስተርጓሚውን ነው። ለእኔ ይህ ከመንገድ ርቀት የበለጠ ርቀት ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በሙሉ የሕዝብ ሆኖ ሲታወጅ የጭሰኛና የባለርስት ሙግት ቀረ፤ የቋንቋው ነገር ግን የተስተካከለው ክልሎች የሥራ ቋንቋቸውን እንዲወስኑ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ከፈቀደ ጋር ነው።

ዛሬ በጅማ ፍርድ ቤቶች ክርክሩ በኦሮምኛ ይሰማል። የጅሬኑ ቤት ቅርስ ሆኖ ጎብኚ ይገባበታል፤ ክስ ይዞ የሚወጣ የለም።