የኦካቫንጎ ወንዝና የሰው ወሰን

ወንዝ ሁሉ መጨረሻው ባሕር ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ኦካቫንጎን ሲመለከት ይደነቃል። ይህ ወንዝ ከአንጎላ ደጋ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በቦትስዋና፥ በካላሃሪ አሸዋ ላይ ተበትኖ ይቀራል። አብዛኛው ውሃ ከፀሐይ ሙቀት የተነሣና በዕፀዋት በኩል ወደ አየር ይተናል።

በአንጎላ ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚዘንበው ዝናብ በደንገልና በቄጤማ መካከል እያዘገመ ብዙ ወራት ይፈጅበታል። ስለዚህ ሙላቱ ወደ ማውን ከተማ የሚደርሰው አገሩ ደረቅ በሚሆንበት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው። ዝሆን፥ ጎሽና ሌላውም አውሬ በብዛት ወደዚያ የሚሰበሰበው በዚሁ ምክንያት ነው።

የመንግሥታት ወሰን ግን የወንዙን ጠባይ አልተከተለም። እ.ኤ.አ. በ1886 ጀርመንና ፖርቱጋል የወንዙን ከፊል ድንበር አደረጉት። በ1890 ጀርመን ከእንግሊዝ ጋር ተዋውላ፥ ወደ ዛምቤዚ የሚያደርሳትን ካፕሪቪ የተባለውን ጠባብ መሬት አገኘች። በዚህም አኳኋን ዋናው ወንዝ በዛሬዎቹ አንጎላ፥ ናሚቢያና ቦትስዋና መካከል ተከፈለ።

ሦስቱ መንግሥታት በ1994 የጋራ ኮሚሲዮን አቋቋሙ። ብዙም ሳይቆይ፥ በ1996 ድርቅ የጸናባት ናሚቢያ ውሃውን በቧንቧ ለመሳብ ስታቅድ፥ በታችኛው ተፋሰስ ከምትገኘው ከቦትስዋና ተቃውሞ ተነሣ። ዝናብ በመጣሉ ዕቅዱ ቆየ፤ ጥያቄው ግን አልተፈታም።

የቦትስዋናው ረግረግ በ2014 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ መዝገብ ብቻውን ውሃ አያመጣም፤ የረግረጉ ሕይወት የተመሠረተው ከወሰኑ ማዶ፥ በአንጎላ ደጋ በሚዘንበው ዝናብ ላይ ነውና።