የላቦራቶሪ፣ የራዲዮሎጂ፣ የፊዚዮቴራፒና መሰል የጤና ባለሙያዎች የወደፊት ፍላጎት እንዴት ይገመታል?

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ነዋሪ የሆነ አንድ ታካሚ ካርድ አውጥቶ በሐኪም ወይም በጤና መኮንን ከታየ በኋላ ጉዳዩ በዚያው አያበቃም። የደም ምርመራውን የሚሠራው የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ራጅ የሚያነሳው ራዲዮግራፈር፣ መድኃኒቱን የሚያዘጋጀው ደግሞ የፋርማሲ ባለሙያ ነው። ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው ያለ አንስቴዥያ ባለሙያ ሊከናወን አይችልም። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሐኪሙ ቢኖርም ሕክምናው ይቆማል፤ ታካሚውም ወደ ሌላ ተቋም ሪፈር ይጻፍለታል።

ይሁን እንጂ እነዚህ ሙያዎች በሰው ኃይል ዕቅድ ውስጥ የሚገባቸውን ትኩረት ሳያገኙ ቆይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መለኪያ ለ1,000 ሰዎች 4.45 ባለሙያ የሚል ሲሆን፣ የሚቆጥረው ሐኪሞችን፣ ነርሶችንና አዋላጅ ነርሶችን ብቻ ነው። በመሆኑም አንድ አገር በዚህ መለኪያ ቢሻሻል እንኳ የላቦራቶሪ ወይም የፊዚዮቴራፒ እጥረቱ ከቁጥሩ ውስጥ አይታይም።

ክፍተቱን ለመሙላት የሚያገለግለው የዓለም ጤና ድርጅት የሥራ ጫና ስሌት ነው። ስሌቱ የሚነሳው ከሕዝብ ብዛት ሳይሆን ባለሙያው በዓመት ከሚያከናውነው ሥራ ነው። ለማሳያ ያህል አንድ ራዲዮግራፈር በሳምንት አምስት ቀን ይሠራል እንበል። በዓመት ካሉት 260 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ፣ በዓላት፣ ሕመምና ሥልጠና ሲቀነሱ 220 ቀናት፣ ማለትም 1,760 ሰዓት ይቀራል። አንድ ራጅ በአማካይ 15 ደቂቃ ቢወስድ፣ ባለሙያው በዓመት ሊያነሳ የሚችለው 7,040 ነው። ተቋሙ በዓመት 15,000 ራጅ የሚያነሳ ከሆነ ከሁለት በላይ ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ ለመዝገብ፣ ለስብሰባና ለመሣሪያ እንክብካቤ የሚውለው 15 በመቶ ጊዜ ሲታከልበት ቁጥሩ ወደ 2.5 ይደርሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሦስት መደብ መያዝ ተገቢ ነው።

ስሌቱ ግን ትልቅ ጉድለት አለበት፤ የሚቆጥረው የተሰጠውን አገልግሎት እንጂ የቀረውን አይደለም። ፊዚዮቴራፒስት በሌለበት ጤና ተቋም የፊዚዮቴራፒ መዝገብ ባዶ ነው፤ ባዶው መዝገብም «ፍላጎት የለም» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። በስትሮክ ምክንያት ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለት ሰው ግን በዚያው ሰፈር ቤቱ ተኝቶ ይሆናል። በመሆኑም ትንበያው ከተቋም መዝገብ በተጨማሪ የበሽታዎችን ስርጭትና የአካል ጉዳትን ሁኔታ መመልከት ይኖርበታል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በዘነበወርቅ አካባቢ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል ነው። ተቋሙ በ1958 ዓ.ም. ሲመሠረት ዓላማው የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ ተሐድሶና ሥልጠና ነበር። የሥጋ ደዌ ነርቭን ስለሚጎዳ መድኃኒት ብቻውን በቂ አይደለም። ስሜት ያጣ እግር ሳያውቅ ይቆስላል፤ የታጠፉ ጣቶችም እንቅስቃሴ ይሻሉ። ስለዚህ ፊዚዮቴራፒስቱ፣ የሰው ሠራሽ አካል ባለሙያውና ለታካሚው የሚስማማ ጫማ የሚሠራው ባለሙያ የሕክምናው አካል ሆነው ታቅደዋል። የሚያስፈልገው ባለሙያ የታወቀው ከበሽታው ባሕርይ እንጂ ከቀድሞ መዝገብ አልነበረም። ዛሬ የስኳር ሕመም፣ ስትሮክና የመኪና አደጋ ተመሳሳይ አሠራር ይፈልጋሉ።

ሌላው ፈተና የሕዝብ ቁጥር ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ ኮልፌ ቀራኒዮ ከ428 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበረው። ከዚያ ወዲህ ብሔራዊ ቆጠራ አልተካሄደም፤ በ2011 ዓ.ም. ታቅዶ የነበረውም ተራዝሟል። በእነዚህ ዓመታት በዓለም ባንክ፣ በቤቴልና በካራ ቆሬ አቅጣጫ ሰፈሮች ተስፋፍተዋል። ትንበያ የሚያዘጋጀው አካል በግምታዊ የሕዝብ አሃዝ ላይ ስለሚመሠረት፣ አሃዙን በየጊዜው ማረም ግዴታው ነው።

ጊዜውም ረጅም ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ ለሥራ የሚደርሰው ከአራት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። ሲመረቅም ተቋሙ የበጀት መደብ ከሌለው አይቀጠርም። የባለሙያ እጥረትና ሥራ አጥ ተመራቂ በአንድ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን የሚታዩትም ስለዚህ ነው። የሚያስፈልገው ባለሙያ፣ የሚሠለጥነው ባለሙያና ደመወዝ የተያዘለት ባለሙያ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ ሳይገናዘቡ የሚወጣ ዕቅድ ጉዳቱ በቅድሚያ ለወጣቱ ነው።

ስለሆነም ልጆቻቸውን በጤና ሙያ ለማስተማር የሚያስቡ ወላጆች፣ የተመረጠው ኮሌጅ በዚያ ሙያ ለማስተማር ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው መሆኑን ከምዝገባ በፊት ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። ተመራቂዎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የሙያ ፈቃድ የሚያስፈልጋቸው ሲሆን፣ ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በተለያዩ ሙያዎች የፈቃድ ፈተና መስጠት ጀምሯል።

የፊዚዮቴራፒ ወይም የሰው ሠራሽ አካል አገልግሎት የሚፈልጉ ነዋሪዎች በመጀመሪያ በአቅራቢያቸው ወዳለው ጤና ጣቢያ ቀርበው እንዲመዘገቡና ሪፈር እንዲጻፍላቸው ይመከራል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት በተለይ የሪፈር ሥርዓቱን መከተል አለባቸው። አገልግሎቱ በጤና ጣቢያው ባይኖርም ጥያቄው በካርዱ ላይ እንዲሰፍር መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በመዝገብ ያልሰፈረ ጥያቄ በቀጣዩ ዓመት ስሌት ውስጥ አይገባም።